የድሬዳዋ ሁለቱ ባቡር ጣቢያዎች

ሐረር ባቡሩን እንደጠበቀች ቀረች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ በውሉ ላይ የሰፈረው የመጀመሪያ ምዕራፍ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር የሚገባ ነበር። ቀጥሎ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ይዘልቃል ተብሎ ታሰበ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት ነው። ያን ጊዜ የሐረርጌ ቡናና ቆዳ በግመል ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርድ ነበርና፣ የሐረር ነጋዴ ባቡሩ ደጃፌ ድረስ ይመጣልኛል ብሎ ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም።

ተራራው ግን አልፈቀደም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን ጨርሶ የሐረርጌ ደጋ ግርጌ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ይሆናል። ሐረር የተቀመጠችው ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ያውም ከሁለቱም ከፍ የሚለውን የደንገጎን ዳገት ከወጡ በኋላ። የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ጭነት እየጎተተ የሚወጣው ዳገት ልክ አለው። ሐዲዱ እየተጠማዘዘ፣ ዋሻ እየተፈለፈለ ይውጣ ቢባል ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ኩባንያው ግን ከጅምሩ ከዕዳ ጋር ሲታገል የኖረ ነው፤ ቆይቶ በ1899 ዓ.ም. ከስሯል። መሐንዲሶቹ ሐረርን በስተግራ፣ ከተራራው በላይ ትተው ሜዳውን መረጡ።

በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ቆላ ላይ ደርሶ ቆመ። ምኒልክ ቦታውን «አዲስ ሐረር» ብለው ሰየሙት፤ ስሙ አልጸናም፣ ሰው ድሬዳዋ ማለቱን ቀጠለ። አብዛኛው የአገራችን ከተማ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የመኳንንት ግቢ ወይም ገበያ ቀድሞት ይቆረቆርና መንገድ ኋላ ይመጣለታል። ድሬ ላይ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው። መጀመሪያ ጣቢያ ተተከለ፣ ከዚያ ሰው ተሰበሰበ።

አሮጌው ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ወደ ፊት የሚያይ ሰው ይህን በዓይኑ ያነበዋል። ከበስተኋላው ሐዲዱና መጋዘኑ፣ ከግንባሩ በላይ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተጻፈው የኩባንያው ስም፣ ከፊቱ ደግሞ ዛፍ ያለበሳቸው ቀጥ ያሉ የከዚራ ጎዳናዎች። ከዚራ በገመድ ተለክቶ የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ የባቡሩ ሹማምንትና ሠራተኞች፣ ከእነሱም ጋር የግሪክ፣ የአርመን፣ የጣሊያንና የሕንድ ነጋዴዎች ሰፍረውበታል። ግሪክ ካምፕ የሚባለው ሰፈር ስሙን እስከ ዛሬ ይዞ አለ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ የራሱ ወግ አለው። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ የቀፊራ ገበያም ያለው እዚያው ነው፤ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቀሉ ይሰማል።

ሁለቱን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ወንዝ መባሉ ራሱ የሚያጠራጥር፣ አሸዋ ብቻ የሆነ መሬት ነው። ዝናቡ ሲዘንብ የሚታየው ታች ሳይሆን ላይ ደጋው ላይ ነውና፣ ጎርፉ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ሊመጣ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። መጋላና ከዚራ ያኔ በአንድ ሌሊት ሁለት ከተማ ሆኑ።

ባቡሩ ከድሬዳዋ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ገና ዓመታት ፈጅቷል። ከኪሳራው በኋላ በአዲስ መልክ የተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. ዋና ከተማው አስገባው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጃል። መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። ከአዲስ አበባ የወረደ ሚኒስትርም ይሁን ከማርሴይ በመርከብ የመጣ ፈረንጅ፣ ወደደም ጠላም ድሬ ላይ እራት በልቶ ማደር ነበረበት። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁሉም የተስፋፋው በዚህ የግዴታ አዳር ነው። ከተማዋ ከመንገደኛ እንቅልፍ በልታለች ቢባል ያስኬዳል።

ሌላው እንጀራዋ የጥገና ማዕከሉ ነበር። ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ 473 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ከተማ ለዋና ጋራዥ ምቹ ናት፤ ከበረሃው የሚመጣውንም ወደ ደጋው የሚወጣውንም ትይዛለች። እዚያ ግቢ ውስጥ ብረት ይቀልጥ ነበር፤ ቶርኖ፣ መበየጃ፣ የእንጨት ሥራ፣ ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ ይገኛል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያስመጧቸው ሊቶሪና የተባሉት የፊያት ሥሪት ባለሞተር ፉርጎዎች፣ በ1940ዎቹ የእንፋሎቱን ባቡር መተካት የጀመሩት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች፣ ሁሉም የሚታከሙት ድሬ ነው። ለ1 ሜትር ሐዲድ የሚሆን መለዋወጫ ከገበያ እየጠፋ ሲሄድ ደግሞ ሠራተኛው እዚያው አቅልጦ፣ በቶርኖ አስተካክሎ ይገጥመው ጀመር። የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለነበር የመፍቻውንና የብሎኑን ስም በፈረንሳይኛ የሚጠራ፣ ትዕዛዝም ሪፖርትም በፈረንሳይኛ የሚጽፍ የድሬ ልጅ በብዛት ወጣ። በኋለኞቹ ዓመታት ግቢውን ሊያይ የሚመጣ ጎብኚ፣ በፈረንሳይኛ እያብራራ የሚያዞር አንጋፋ የባቡር ሠራተኛ ቢያገኝ መደነቅ አልነበረበትም።

መስመሩ የታሪክ መንገድም ሆኖ አገልግሏል። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ጦር ቀድመው ከአገር የወጡት በዚሁ ባቡር በድሬዳዋ አልፈው ነው። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲዘልቅ ሐዲዱና ድልድዮቹ ተመቱ፤ ጦርነቱም ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ፤ ከተማዋ ግን አልተያዘችም። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ መንገደኛ አለቀ፤ በአፍሪካ ከደረሱት ከባድ የባቡር አደጋዎች አንዱ ነው።

የድሬ ሰው ስለ ባቡሩ ሲያወራ ግን የሚያነሳው ይህን አይደለም። ፉርጎውን ነው። ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሽቶ፣ ሰልባጅ፣ ቴፕ ሪከርደር ይገባ ነበር፤ ከፊሉ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ አብዛኛው ሳይከፈልበት። ነጋዴዎቹ በብዛት ሴቶች ነበሩ። ጨርቁን በገላቸው ላይ ደራርበው ለብሰው፣ የቀረውን ለማያውቁት መንገደኛ «ያንተ ነው በል» ብለው አከፋፍለው ይቀመጣሉ። የቀረጥ ተቆጣጣሪው ፊናንስ ሲገባ ፉርጎው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድንገት ዘመድ ይሆናል። ባቡሩ ወደ ከተማው ሲቃረብና ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ ጥቅሉ በመስኮት ይወረወራል፤ ታች የሚጠብቀው ልጅ አንስቶ ወደ ጎጡ ይሮጣል። የሕግ ጥሰት መሆኑን ማንም አይክድም። የከተማው ገበያ በአገሩ ሁሉ የታወቀው፣ ከአዲስ አበባ ዕቃ ሊገዛ የሚወርደው ሰው የበዛው ግን በዚህ ነው።

ባቡሩ ለትንንሾቹ ጣቢያዎች ደግሞ ሌላ ትርጉም ነበረው። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው በኩል ሽኒሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፤ ወደ አዲስ አበባ በኩል ኤረር፣ ጎታ፣ አፍደም፣ ሚኤሶ። አርብቶ አደሩ የግመል ወተቱን ጭኖ ይልካል፣ እህልና ስኳር ይቀበላል። አስፋልት በሌለበት አገር ባቡሩ ሱቅም ፖስታ ቤትም ነበር። የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚም በታኅሣሥና በሐምሌ ከመሐል አገር በባቡር ወርዶ፣ ድሬ ላይ መኪና ይዞ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር።

ይህ ሁሉ እየቀዘቀዘ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ሐዲዱ አረጀ፣ ሎኮሞቲቩ አነሰ፣ የጭነት መኪናው በዛ። ኩባንያው በሁለት መንግሥታት እጅ ነበርና ማደሻ ገንዘብ ማን ያውጣ የሚለው ክርክር ብቻውን ዓመታት በላ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ጨርሶ ቆመ፤ ከድሬ ወደ ደወሌ የሚያዘግም ባቡር ብቻ አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ እየቆመ ቆየ።

ከዚያ ቻይናዎች መጡ። አዲሱ መስመር ከአሮጌው ጋር የሚጋራው አቅጣጫውን ብቻ ነው። ሐዲዱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ባቡሩ የሚሄደው በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ ሲሆን የመንገደኛው በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ ታስቦ ተሠርቷል። ከሰበታ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ ደወሌ ያለውን ሌላው ሠራው። ወጪው በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። በመስከረም 2009 ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አመል አላጡም፦ መብራት ይቋረጣል፣ ሽቦና ብሎን ይሰረቃል፣ ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ ይገጫል፣ ባለንብረቱ ካሳ ይጠይቃል። ለአፋሩና ለሶማሌው አርብቶ አደር አሮጌው ባቡር ከሩቅ እየጮኸ፣ እያዘገመ የሚመጣ የታወቀ ነገር ነበር፤ አዲሱ ድምፁ ሳይሰማ ይደርሳል።

የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ከተማው ውስጥ ግን አይደለም። ፈጣን ባቡር ሰፊ መታጠፊያ ይፈልጋል፤ የጭነት ፉርጎ የሚደረደርበት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፤ በከዚራ መሃል ይለፍ ቢባል ስንት ቤትና ዛፍ እንደሚፈርስ መገመት አያቅትም። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ገላጣ ላይ ተተከለ። የምህንድስናው ስሌት ትክክል ነው። የመንገደኛው ስሌት ግን ሌላ ነው።

አንድ ሰው ከአዲስ አበባ በባቡር ድሬዳዋ ሊሄድ ተነሳ እንበል። መነሻው ፉሪ ለቡ ነው፤ እሱም ከከተማው ዳር ነው። ባቡሩ ጠዋት የሚነሳ ስለሆነ ከሰሚት ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚመጣ ሰው ሌሊት ታክሲ መፈለግ ይኖርበታል። በየቀኑ መንገደኛ ባቡር ይኖራል ብሎ መተማመንም አይችልም፤ ፕሮግራሙን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ፍተሻውን አልፎ ከተሳፈረ በኋላ ጉዞው የሚያስደስት ነው። በስድስት ሰባት ሰዓት ውስጥ የመተሐራን የሸንኮራ ማሳ፣ የአዋሽን ሸለቆ፣ የአፍደምን ግራር እያየ ድሬ ይገባል። ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የጭሮን፣ የሂርናንና የቁልቢን ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ እየተንገላቱ ከመሄድ ጋር ሲነጻጸር ባቡሩ እንደ አልጋ ነው።

ከዚያ ይወርዳል። በር ላይ የሚጠብቀው ባጃጅ «ኮንትራት ነው» ይለዋል። ሻንጣ ከያዘና ፀሐዩ ከበረታ የመከራከር አቅም አይኖረውም። በኮንትራት ወደ ከተማ፣ የሐረር ሰው ከሆነ ደግሞ ሌላ ባጃጅ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያው ሚኒባስ እስኪሞላ ጥበቃ፣ ከዚያ ደንገጎን ወጥቶ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። በባቡሩ የተረፈው ጊዜ እዚህ ላይ ይሟጠጣል። አውቶቡሱ አድክሞትም ቢሆን መናኸሪያ መሃል ነው የሚያወርደው፤ ሐረር ድረስ የሚዘልቅም አለ። ገንዘብ ያለው ደግሞ በአንድ ሰዓት ገደማ በረራ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ያርፋል፤ እሱም ለከተማው ቅርብ ነው። አዲሱን ባቡር መንገደኛው ያልወደደው ባቡር ስለማይወድ አይደለም፤ ከሁለቱም ጫፍ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሚያስመርረው ነው። ሰዓቱን ከባቡሩ ጋር ያስማማ፣ ከጣቢያው ተነስቶ በከዚራና በመጋላ የሚያልፍ፣ ቀጥታ ሐረርም የሚሄድ አውቶቡስ መመደብ ሐዲድ ከመዘርጋት ጋር ሲወዳደር ወጪው ኢምንት ነው።

ጫቱን የተመለከተ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። ጫት የሚሸጠው እርጥብ ሳለ ነውና ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። አንድ ዘመን ወደ ጅቡቲ በባቡር ይሄድ ነበር፤ ከአወዳይ ገበያ ወርዶ እዚያው ከተማ መሃል ይጫናል። ዛሬ አይሱዙው አወዳይ ላይ ጭኖ ጥሩምባውን እየነፋ ዳገቱን ይወርዳል፤ ወይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወይ በቀጥታ ወደ ድንበር። ነጋዴው የሚያሰላው የባቡሩን ፍጥነት አይደለም፤ ከማሳው እስከ በላተኛው ያለውን ሰዓት በሙሉ ነው።

በጭነቱ በኩል ነገሩ ይለያል፤ አዲሱ መስመር የተሠራውም በዋናነት ለዚሁ ነው። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ በጭነት መኪና በጋላፊ በኩል አፋርን አቋርጦ ስለሚመጣ ድሬዳዋ ለረጅም ጊዜ ከዋናው የጭነት ጎዳና ውጭ ሆና ከርማለች። አሁን ኮንቴይነሩና ማዳበሪያው በባቡር በደጃፏ ያልፋል። ማለፉ ብቻውን ምንም አይጠቅማትም፤ ቆሞ የሚራገፍበት ምክንያት ሊኖር ይገባል። ደረቅ ወደብና ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና የተከፈተው ለዚህ ነው። ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ ይከማቻል፣ ይገጣጠማል፣ ይታሸጋል፣ ከዚያ ወደ መሐል አገር ወይም ተመልሶ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከባቡሩ ጎን ለጎን ከድሬዳዋ ደወሌ ድረስ ወደ 220 ኪሎ ሜትር የሚሆን የክፍያ አስፋልት ስላለ ባቡሩ ሲዘገይ መኪናው ይተካል። እዚያ በረሃ ላይ በፊት መኪና አሸዋ እየዋጠው የሚውልበት መንገድ ነበር።

በከዚራ ያለው አሮጌው ግቢ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ገና አልተቋጨም። ሙዚየም ይሁን የሚሉ አሉ፤ ማሽኖቹና ሎኮሞቲቮቹ በእርግጥም ሌላ ቦታ የሚገኙ አይደሉም። በመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ግን ያሳዝናል፤ በከተማው መሃል፣ ከሁሉም ሰፈር በእግር የሚደረስበት ቦታ ነውና። ለአዲሱ ጣቢያ መንገደኛ ትኬት የሚቆረጥበት፣ ሻንጣ የሚረከብበት፣ አውቶቡሱም የሚነሳበት ቢሆን ሁለቱን ጣቢያዎች ባንድ ያገናኛል፤ አዳራሹም፣ አደባባዩም፣ ጥላውም እዚያው አለ።

ባቡሩን ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ያስተዳደሩት የቻይና ኩባንያዎች በ2016 ዓ.ም. ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች አስረክበዋል። አሁን ሾፌሩም፣ የምልክት ክፍሉም፣ የጉዞ ፕሮግራሙን የሚያወጣው ኃላፊም የአገር ልጅ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የሚገባበትን ሰዓት ለከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ለማሳወቅ ከዚህ በኋላ አስተርጓሚ አያስፈልግም።